የቅርንጫፍ ሰርቨር “ቆሻሻ” ሳይታይ አይጠረግ

ዋና መሥሪያ ቤቱ ጎንደር፣ ቅርንጫፉ ደባርቅ የሆነ አንድ የእህል ነጋዴ እንውሰድ። የብቅል ገብስ ግዥ መዝገቡ በሁለቱም ከተሞች ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። በአንዱ የተጻፈው በመስመር ወደ ሌላው እየተቀዳ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ላይ ይህን የሚሠራው “ዲኤፍኤስ ሪፕሊኬሽን” የተባለው አገልግሎት ነው።

ችግሩ የሚመጣው መስመር ሲቋረጥ ነው። ይህ ደግሞ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት እንደዚያው መቆየቱ ይታወሳል። መስመር በሌለበት ቀን የደባርቁ ጸሐፊ ጠዋት በዱቤ የተረከበውን 40 ኩንታል ይመዘግባል እንበል። የጎንደሩ ሒሳብ ሠራተኛም ከሰዓት በኋላ በዚያው ፋይል ላይ ዋጋ ያርማል። መስመሩ ሲመለስ አገልግሎቱ ሁለቱን አያዋህድም፤ በመጨረሻ የተጻፈው ያሸንፋል። 40ው ኩንታል ከመዝገቡ ይጠፋል፤ ገበሬው ግን ገንዘቡን ይጠብቃል።

ለመሆኑ የተሸነፈው ፋይል የት ይገባል? “ኮንፍሊክት ኤንድ ዲሊትድ” በሚባል ስውር ፎልደር ውስጥ ስሙ ተለውጦ ይቀመጣል። የቀድሞ ስሙና ቦታው “ማኒፌስት” በተባለ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። ጎንደር ላይ የተሰረዘ ፋይልም ቅጂው የሚገኘው በደባርቁ ሰርቨር ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ ራሱ ወደ ሌላ ሰርቨር ስለማይቀዳ ፍለጋው በሁለቱም ዘንድ መካሄድ አለበት።

ይሁንና ጊዜው የተወሰነ ነው። የፎልደሩ መደበኛ ጣሪያ በቀድሞ የሰርቨር ዕትሞች 660፣ በአሁኖቹ 4,096 ሜጋባይት ነው። 90 በመቶ ሲሞላ አገልግሎቱ ከአሮጌዎቹ ጀምሮ እስከ 60 በመቶ ድረስ በራሱ ያጠፋል።

ዲስክ ስለጠበበ ለማጽዳት የሚፈልግ ሁሉ በቅድሚያ ማኒፌስቱን አንብቦ የሚያስፈልገውን ያውጣ። ለዚህም ከ2012 አርቱ ዕትም ጀምሮ “ሪስቶር ዲኤፍኤስአር ፕሪዘርቭድ ፋይልስ” የተባለ ትእዛዝ አለ። ከዚያ በኋላ ፋይሎቹን በእጅ ከመሰረዝ ይልቅ “ክሊንአፕ ኮንፍሊክት ዳይሬክተሪ” በተባለው የአገልግሎቱ የራሱ ትእዛዝ ማስጠረግ ይገባል። በእጅ ሲሰረዝ ዝርዝሩና ፋይሎቹ አይገናኙም።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱን መዝገብ መስጠት ነው። አንድን ፋይል አንድ ቢሮ ብቻ ከጻፈበት ተሸናፊ አይኖርም።