ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነሥታችሁ የጣናን ደሴቶች አንድ ቀን ለማየት በዕቁብ የምታጠራቅሙ ካላችሁ፣ የእኛን ጉዞ ስሙ።

ዓመት ሙሉ ቆጥበን ለሦስት ቀን የጀልባ ጉዞ ከፈልን። ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ወንዶቹ ገቡ፤ እኛ ሴቶቹ ልጆቻችንን ታቅፈን ጀልባው ላይ ቀረን። በማግሥቱ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ሆነ። ሴት አለመግባቷ የገዳማቱ የቆየ ሥርዓት ነው። ጥፋቱ ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ ይህን ያልነገረን የጉዞው አዘጋጅ ነው።

የካሰን ደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ይህ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችንም ያስገባል። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትም እንዲሁ።

እንግዲህ እህቶች፣ ብሩ የላባችሁ ዋጋ ነውና አስቀድማችሁ «ሴት የምትገባው የት የት ነው?» በሉ።