ጕልበትን ለቀዶ ሕክምና ስለ ማሰናዳት

በጅቡቲ ከተማ በሰኔና በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ፣ ወጣቶች ለእግር ኳስ የሚወጡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በሲዬስታ የባሕር ዳርና በየሰፈሩ ሜዳ ሲጫወቱ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በሩጫ ላይ ድንገት መዞር፣ ወይም ከዝላይ በአንድ እግር ማረፍ የጕልበትን ፊተኛ መስቀለኛ ጅማት ሊበጥሰው ይችላል። ይህ ጅማት የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነው።

ይህ ጉዳት የደረሰበት ሰው ቀዶ ሕክምና እስኪደረግለት ድረስ እግሩን ዘርግቶ መተኛት የሚበጀው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሥራ የፈታ የጭን ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመነምናል፤ ያበጠና የማይዘረጋ ጕልበት ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት ደግሞ ኋላ ደርቆ የመቅረቱ ሥጋት ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ተራ የሚጠበቅበት ጊዜ ራሱ የሕክምናው መጀመሪያ መሆኑን ልንገነዘብ ይገባናል።

በዚህ ጊዜ የሚፈለጉት ሦስት ናቸው፤ እብጠቱ መጕደል፣ ጕልበቱ እንደ ጤነኛው መዘርጋት፣ የጭኑም ጡንቻ መጠንከር። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል መልመጃ አለ። ምንጣፍ ላይ በጀርባ ተንጋሎ፣ ከተረከዝ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አኑሮ፣ የጭንን ጡንቻ በማጥበቅ ጕልበትን ወደ ታች መጫንና እስከ 5 ቈጥሮ መልቀቅ ነው። ቀጥሎም ተረከዝን በቀስታ ወደ መቀመጫ እየሳቡ ጕልበትን ማጠፍና መልሶ መዘርጋት ነው። ሁለቱንም 10 ጊዜ ያህል እየደጋገሙ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳና በማታ መሥራት ይቻላል። እብጠት ወይም ሕመም ቢጨምር፣ ጕልበቱም ተቈልፎ አልዘረጋ ቢል፣ ሳይዘገዩ ሐኪምን መጠየቅ ይገባል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላም መቸኰል አይገባም። በኖርዌይ አገር ተደርጎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ወደ ጨዋታ መመለስ እስከ 9ኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቍጥር ዳግመኛ የመጐዳት አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሁለቱ ጭኖች ኀይል የተካከለላቸውም ተጫዋቾች ዳግመኛ የተጐዱት በጥቂቱ ነው። የሊቨርፑል ተከላካይ ቨርጂል ቫን ዳይክ በ2020 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ተጐድቶ ወደ ሊግ ጨዋታ የተመለሰው በ2021 ዓ.ም. በኦገስት ወር ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ጕልበቱ የተጐዳውን ልጃቸውን ከእንቅስቃሴ ሁሉ ከመከልከል ይልቅ፣ ሐኪም ያዘዘውን መልመጃ ማታ ማታ ሲሠራ አጠገቡ ሆነው ቢቈጥሩለት መልካም ነው እንላለን።