ስለ ረቂቁ የመድኃኒት ተሸካሚ

ከሸዋ ሮቢትም ሆነ ከሌላው የይፋት ቆላ ተነሥቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የወረደ ወጣት፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቀው፣ ሰውነቱ ከስቶና ጣፊያው አብጦ ቢመለስ፣ ወባ ነው ብሎ ብቻ መተው አይገባምና፣ ስለ ካላዛርና ስለ አንደኛው ፈውሱ ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው መድኃኒት ብርቱ ቢሆንም ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳ ስለ ነበር፣ ሊቃውንት ከ100 ናኖሜትር በሚያንሱ፣ ሊፖሶም በሚባሉ ረቂቃን የስብ እንክብሎች ውስጥ አኖሩት። የሚያስደንቀው ምስጢር፣ በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ያሉት ባዕድ ነገርን የሚውጡ የሰውነት ዘበኞች እንክብሎቹን ሲውጧቸው፣ የካላዛር ተሐዋስም ተሸሽጎ የሚራባው በእነዚያው ዘበኞች ውስጥ ነውና፣ መድኃኒቱ ጠላቱን ከተደበቀበት ገብቶ ማግኘቱ ነው።

በአገራችን ይህ መድኃኒት በተለይ ለነፍሰ ጡሮች፣ እጅግ ለተዳከሙና ኤችአይቪ ላለባቸው ሕሙማን ይሰጣል።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ 50 ሚሊግራም የያዘው ብልቃጥ በ12 ሚሊሊትር የመርፌ ውኃ ተበጥብጦ በብርቱ ይናጣል፤ ከዚያም በ5 በመቶ ዴክስትሮስ እንጂ በጨው ውኃ ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትም መቀመጥ ስለሌለበት፣ እንደ ሮቢት ባለ ቆላ ማቀዝቀዣ የሌለው መጋዘን አይበቃውም።