እራፊ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ስለ ልኩና ስለ ስሌቱ

ከአሮጌ ልብስ የተረፈ እራፊ ብቻውን ሲታይ ዋጋ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን በልክ ተቆርጦ በሥርዓት ቢጋጠም ከብርድ የሚያድን የአልጋ ልብስ ይሆናል። ይህ ሥራ በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ስሙም ክዊልት ይባላል። እርሱም ሦስት ድርብ ነው፤ ይኸውም ከላይ የተጋጠመው እራፊ፣ ከመካከል ባዘቶ፣ ከታች ገበር ነው። በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ጭምር የሠሩት ክዊልት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በሂውስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታይቶ እጅግ ተደነቀ። እነዚያ ሴቶች በልምድ የሠለጠነ ዓይን አላቸው፤ ለጀማሪ ግን ከዓይን ይልቅ ቁጥር ይታመናል።

አስቀድሞ የሚለካው ጨርቁ ሳይሆን አልጋው ነው። የአልጋው ወርድ 90፣ ቁመቱ 190 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በግራና በቀኝ 30፣ በግርጌ 20 ሳንቲሜትር እንዲወርድ ከተፈለገ፣ የልብሱ ወርድ 150፣ ቁመቱ 210 ይሆናል። ቀጥሎ ሁለቱን ቁጥሮች ያለ ቀሪ የሚያካፍል ልክ ይፈለጋል። 40 ቢመረጥ ወርዱ ሲካፈል 30 ይተርፋል፤ 30 ቢመረጥ ግን ወርዱ 5፣ ቁመቱ 7 ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ ልብሱ ጎናቸው 30 ሳንቲሜትር የሆነ 35 አራት ማዕዘኖች ይኖሩታል፤ እያንዳንዱም ገበታ ይባል።

ከገበታዎቹ አንዱ ዘጠኝ እራፊ ያለው፣ ሁለተኛው አንድ ወጥ እየሆነ ቢፈራረቅ ለዓይን ያምራል። በአራቱ ማዕዘን ባለ ዘጠኙ ሲቀመጥ፣ ባለ ዘጠኙ 18፣ ወጡ 17 ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። 30 ለ3 ሲካፈል 10 ስለ ሆነ፣ እራፊውን በ10 ሳንቲሜትር፣ ወጡን ገበታ በ30 ይቆርጣል። ነገር ግን መርፌ ከየጠርዙ ሦስት ሩብ ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይወስዳል። ስለዚህ 10 የነበረው 8 ተኩል ይሆናል፤ ሦስቱ ሲጋጠሙ 25 ተኩል ብቻ ይሆናሉ። ወጡ ገበታ ግን ከ30 ወደ 28 ተኩል ብቻ ይቀንሳል። በመካከላቸው የ3 ሳንቲሜትር ልዩነት ስለሚኖር ሁለቱ ከቶ አይገጥሙም፤ የተቆረጠ ጨርቅም ተመልሶ አይረዝምም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁራጭ ወርድና ቁመት ላይ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ይጨመራል፤ እራፊው በ11 ተኩል፣ ወጡ በ31 ተኩል ይቆረጣል።

ጨርቅ የሚገዛ ሰውም መጠኑን ከገበያ በፊት ሊያውቅ ይገባዋል። በ18ቱ ገበታ 162 እራፊ አለ፤ በያንዳንዱ 5 ጥቁርና 4 ነጭ ቢደረግ፣ ጥቁሩ 90፣ ነጩ 72 ነው። ወርዱ 110 ሳንቲሜትር ከሆነ ጨርቅ በአንድ ረድፍ 9 እራፊ ይወጣል። ስለዚህ ጥቁሩ 10 ረድፍ፣ ማለት 115 ሳንቲሜትር፣ ነጩ 8 ረድፍ፣ ማለት 92 ሳንቲሜትር ይፈልጋል። ወጡ ገበታ በአንድ ረድፍ 3 ብቻ ስለሚወጣ 6 ረድፍ፣ ማለት 189 ሳንቲሜትር ያሻዋል። ገበሩ በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር እንዲተርፍ 170 በ230 ይደረጋል፤ ለዚህም ሁለት ወርድ ተጋጥሞ 460 ሳንቲሜትር ይበቃል። የጥጥ ጨርቅ በውኃ ስለሚሰበሰብ ጥቂት ተጨምሮ ይገዛል፤ ሳይቆረጥም ይታጠባል።

መምህሩ ይህንን በክፍል ሲያስተምር አስቀድሞ በወረቀት ያሠራ። ልጆቹ አንዱን ገበታ ትርፍ ሳይጨምሩ፣ ሁለተኛውን ጨምረው ቆርጠው ጠርዙን ይጠፉና ጎን ለጎን ያስቀምጡት። የጎደለውን በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ማካፈልና መደመር ለመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ለቤትም እንደሚጠቅም ይረዳል፤ የእናቱንም ጨርቅ በከንቱ አያጠፋም።