ሦስት ዋጋ ወይስ ሦስት ጣሪያ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ ቆርቆሮ ነው! «ደሞ ቆርቆሮ ምኑ ይወራል?» የምትሉ ካላችሁ በሐምሌ ሌሊት አልጋችሁ ላይ ዘንቦባችሁ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ላይ ዘንቧል። ያውም በገዛ ገንዘባችን ባሠራነው አዲስ ጣሪያ ሥር!

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አባቴ ትቶልን ባለፈው የጭቃ ቤት እማዬ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ እንኖራለን። ቤቱ ስምንት ሜትር በስድስት ነው። በ2015 ዓ.ም. የድሮው ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሲሆንብን፣ እማዬ ዕቁብ ደረሳትና «በይ እንግዲህ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ሠሪ ፈልጊ» አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ ስለ ጣሪያ ምን እንደሚያስተምር እንጃ! ሁለት አናጢ ጠየቅኩ፤ ርካሹን መረጥኩ። በቃ፣ ጥናቴ ይኸው ነበር።

አናጢው ቀብድ ተቀብሎ ሦስት ሳምንት ጠፋ። ሌላ ሥራ አግኝቶ ነው አሉ። ከዚያ ብቅ አለና በአራት ቀን ገጣጥሞት ሄደ። ሲያዩት ያብረቀርቃል። እማዬ ቡና አፈላች፤ ጎረቤቱም «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ በረዶ ወረደ። በክፈፉ በኩል ያለው ቆርቆሮ ተገንጥሎ እንደ ከበሮ ይደበድብ ጀመር። ኮርኒሱ ውሃ አቁሮ አበጠ፣ አበጠና ተቀደደ። አልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጠው የእማዬና የአባቴ የሠርግ ፎቶግራፍ በውሃ ራሰ። ጠዋት ስናላቅቀው የአባቴ ፊት ከሌላው ፎቶ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እማዬ አልተቆጣችኝም። ዝም አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ክረምት ላስቲክ ወጥረን፣ ባልዲ ደርድረን አሳለፍን። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር እማዬ ሌላ ዕቁብ ወጣላትና ብሩን በመሐረብ እንደቋጠረችው እጄ ላይ አኖረችው። «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

«ቤት ውስጥ ወንድ የለም ወይ?»

በዚህኛው ዙር ብልህ ሆኛለሁ ብዬ ሦስት ሠሪ ጠራሁ። አንደኛው የሰፈራችን አናጢ ነው። ከበር ሳያልፍ ቀና ብሎ አየና «95 ሺህ ብር» አለኝ። ሁለተኛው ጎልማሳ ነው፤ መሰላል ተውሶ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ እንጨቱን በሚስማር እየወጋጋ አየ፣ ሲወርድ «የግድግዳው ራስ ላይ ያለውን እንጨት ምስጥ በልቶታል፣ እሱ ሳይቀየር ቆርቆሮ ማልበስ ገንዘብ መጣል ነው» አለና 138 ሺህ ጠራ። ሦስተኛው ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ያለው ተቋራጭ ነው። ገና ከመግባቱ «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ወንድ የለም ወይ? ከሱ ጋር ብንነጋገር…» አለኝ። «ብሩ ያለው እኔ ጋ ነው» አልኩት። ሳቀና 152 ሺህ ብር ጽፎ ሰጠኝ።

አራተኛም ነበር፤ እሱን ግን እኔ አልጠራሁትም። የአክስቴ ባል ነው። ግንበኛ ነው፤ አናጢነትም ይሞክራል። ዋጋውን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኛ ደግሞ በዋጋ ልንነጋገር ነው? እናንተ ዕቃውን ግዙ፣ የእኔን የሰጣችሁኝን ትሰጡኛላችሁ!»

ይኸውላችሁ፣ 95፣ 138፣ 152 ሺህና «የሰጣችሁኝን»! በርካሹና በውዱ መካከል 57 ሺህ ብር ልዩነት አለ። ለአንድ ቤት ጣሪያ! «አንዱ ሌባ ነው» አልኩ። ግን የትኛው? ሲጨንቀኝ ጎረቤታችን ወዳሉት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፎርማንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወረቀቴን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እነዚህ ሦስት ዋጋ አይደሉም። ሦስት ጣሪያ ናቸው። ለመሆኑ ለነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ጣሪያ ሥሩልኝ አልሻቸው?»

አፌ ተያዘ። ምንም አላልኳቸውም ነበር። «ጣሪያ ስንት ትሠራላችሁ?» ነው ያልኩት። ሱሪ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ጨርቁንም ልኩንም ሳይናገሩ «ሱሪ በስንት?» እንደማለት ነው!

ጋሼ ያስጻፉኝ ወረቀት

ጋሼ ደብተር አስመጡኝና ያስጽፉኝ ጀመር። ለናንተም ይጠቅማችኋልና አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስፋቱ። የቤታችን ወለል ስምንት በስድስት፣ 48 ካሬ ሜትር ነው። ጣሪያው ግን ከግድግዳው ወጣ ማለት አለበት፤ ያለዚያ የጭቃ ግድግዳ በአንድ ክረምት ይረግፋል። በየጎኑ ግማሽ ሜትር ሲወጣ ዘጠኝ በሰባት ሆነና 63 ገባ። ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ ትንሽ ይጨምራል፤ 65 ካሬ ያህል ማለት ነው። በ48 አስልቶ ዋጋ የሰጠ ሰው ሥራው ሲጋመስ «ቆርቆሮ አነሰ፣ ብር አምጡ» ማለቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ እየተደራረበ ስለሚመታ የሚገዛው ከ65 ካሬውም ይበልጣል።

ሁለተኛ የቆርቆሮው ውፍረት። ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው! ውፍረቱ የሚጠራው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን 35 ጌጅ ግን 0.2 ያህል ነው፤ ግማሹ ማለት ነው። እኔ ደግሞ 35 ከ28 ስለሚበልጥ ይሻላል ብዬ አስብ ነበር! ሱቅ ውስጥ ስትገዙ ሁለቱን እኩል ስፋት ያላቸውን ቆርቆሮዎች በእጃችሁ አንሷቸው፤ ባለ 0.4ው የባለ 0.2ውን እጥፍ ይከብዳል። ለክብደት የምላስ ቅልጥፍና አይበጀውም።

ሦስተኛ እንጨቱ። የድሮው ይቀመጣል ወይስ ይቀየራል? ሞራሌው በስንት በስንት ሳንቲሙ ይመታል? ጋሼ የ2015ቱን ጣሪያችንን ከሥር አይተው ሲለኩት በሞራሌና በሞራሌ መሐል ያለው ክፍተት አንድ ሜትር ከሃያ ነበር። «ስስ ቆርቆሮ በሰፊ ክፍተት ላይ ስትዘረጊ ለነፋስ ክንፍ ሠራሽለት ማለት ነው» አሉኝ። በየ90 ሳንቲሙ እንዲሆን አስጻፉኝ።

አራተኛ ሚስማሩ። የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው ይሁን፤ የሚመታውም በሞገዱ ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። የኛ አናጢ ለእጁ ስለቀለለው ጎድጓዳው ላይ ነበር የመታው። እያንዳንዱ ሚስማር አንድ ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ባልዲ!

አምስተኛ የሚረሱት ነገሮች። አሸንዳ፣ የጣሪያው አናት ክዳን፣ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚገባው ላሜራ፣ የድሮውን ቆርቆሮ ማንሣት፣ ቁርጥራጩን ጠርጎ ማውጣት፣ የመኪና ጭነት… እነዚህን ማን ይከፍላል? ታክሱስ ዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ በ150 ሺህ ብር ላይ 22 ሺህ 500 ብር ማለት ነው። «ታክሱ ለብቻው ነው» የሚለው ነገር የሚነገራችሁ መጨረሻ ላይ ነውና አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዋጋው ሲስተካከል

ያንን ወረቀት ሦስት ቦታ ገልብጬ ለሦስቱም ሰጠኋቸው። «ከዚህ ሳታጎድሉ፣ ከዚህም ሳትጨምሩ ዋጋ ስጡኝ» አልኳቸው። ምን ሆነ መሰላችሁ? ባለ 95 ሺው 144 ሺህ ብር አለ። ባለ 138ቱ 147 ሺህ ሆነ። ባለ 152ቱ ታክሱን ጨምሮ ወደ 149 ሺህ ወረደ። የ57 ሺህ ብሩ ልዩነት አምስት ሺህ ሆኖ ቁጭ!

የመጀመሪያውን አናጢ «ታዲያ ለምን 95 አልከኝ?» ብዬ ያዝኩት። ሳያፍር መለሰልኝ፦ «እህቴ፣ በ35 ጌጅ፣ በድሮው እንጨት፣ ያለ አሸንዳ ነዋ ያሰብኩት። አንቺ የጠየቅሽኝ ዋጋ ነው፤ ዓይነቱን መቼ ነገርሽኝ?»

እውነቱን ነው! ሰውየው ሌባ አልነበረም። የ2015ቱንም አናጢ ሁለት ዓመት ሙሉ ስራገመው ኖሬያለሁ፤ ጥፋት አልነበረውም አልልም፣ ሚስማሩን ያለ ቦታው የመታው እሱ ነው። ርካሽ ጣሪያ የጠየቅኩት ግን እኔ ነበርኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

እንግዲህ ዋጋው ከተቀራረበ ምርጫው የሰውየው ነገር ሆነ። ሦስቱንም «ሁለት ክረምት ያለፈበት የሠራችሁት ጣሪያ አሳዩኝ» አልኳቸው። አዲስ ጣሪያ ሁሉም ያምራልና አያታላችሁ፤ ዝናብ የፈተነውን እዩ። ተቋራጩ ቢሮው ውስጥ ፎቶግራፍ አሳየኝ። የሰፈራችን አናጢ «ነገ፣ ነገ» አለኝ። ጣሪያው ላይ የወጣው ጎልማሳ ግን ሁለት ቤት ወሰደኝ። ባለቤቶቹን ብቻዬን አነጋገርኳቸው። አንዷ እናት «ትንሽ ይዘገያል እንጂ አያፈስም» አሉኝ። «ይዘገያል» ማለታቸው ይበልጥ አሳመነኝ፤ ጉድለቱንም ነግረውኛላ!

የቀረው የአክስቴ ባል ነው። እማዬ ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። «እምቢ ብንለው አክስትሽ ትቀየመናለች» አለች። እኔም «ቢያፈስስ በየት በኩል እንከሰዋለን? በየትስ በኩል እንቆጣዋለን?» አልኳት። ዋጋ የሌለው ሥራ ቅሬታ የሌለው ሥራ ነው፤ ዘመድ ስለሆነ አፍ አውጥታችሁ «አስተካክል» ማለት አትችሉም። ጠዋት እማዬ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደችና «ሥራውን ለሌላ ሰጥተናል፤ እርስዎ ግን በምርቃቱ ቀን እንዳይቀሩብን» አለችው። በምርቃቱ ቀን አልመጣም። እስከ ዛሬም ፊቱ አልተፈታም። አልዋሻችሁም፣ ይሄ ያስከፈለን ዋጋ በደብተሬ ላይ አልተጻፈም።

ብሩ ከእጃችሁ ሳይወጣ

ውላችንን በጽሑፍ አደረግን፤ ሁለት ምስክር ፈረመ፤ ያ ያስጻፉኝ ወረቀት ከውሉ ጋር ተያያዘ። ስለ ቀብድ ፍርድ ቤት የሚሠራ ዘመዳችን አንድ ነገር ነግሮኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የኛ የ2015ቱ አናጢ ሦስት ሳምንት ሲጠፋ ይህን አላወቅንም። ብናውቅስ ምን ወረቀት ነበረን?

ክፍያውንም ከፋፈልነው። ቆርቆሮውን ከሠሪው ጋር መርካቶ ሄጄ ጌጁን ራሴ አይቼ ገዛሁ። የእጅ ዋጋውን ሲጀምር ትንሽ፣ እንጨቱ ቆሞ ጋሼ ካዩት በኋላ ግማሹን፣ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሰጠነው። አሥር ሺህ ብር ግን «እስከ መጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ» ተብሎ እኛ ጋ ቀረ። መጀመሪያ ከበደው፤ ኋላ «እሺ፣ ሥራዬን አውቀዋለሁ» አለ። ይህን ሲሰማ የሚቆጣ ሠሪ ካለ እናንተ ደግሞ ጆሯችሁን አቁሙ። ሌላው፣ ሥራ ሳትጀምሩ የእድሳት ፈቃዱን ከወረዳችሁ ጠይቁ፤ ክረምቱም ሳይገባ ጨርሱ። ሰኔ ላይ ተከፍቶ የሚያድር ጣሪያ ለጠላትም አይሰጥ።

ሥራው ሚያዝያ ላይ አለቀ። ሰኔ ገባና አንድ ማታ ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ሲጀምር እማዬ እንደ ልማዷ ባልዲውን አንስታ መሐል ወለሉ ላይ አኖረችው። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ይወርዳል… እቤት ውስጥ ግን ጠብታ የለም! ከአንድ ሰዓት በኋላ በጎረቤት ግድግዳ በኩል ትንሽ እርጥበት አየሁ። በማግሥቱ ደወልኩለት፤ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ላሜራውን አስተካከለው። አሥር ሺው እኛ ጋ ባይሆን ኖሮ ይመጣ ነበር? እንጃ፣ ምናልባት ይመጣ ይሆናል። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት፤ እማዬም መረቀችው።

ባልዲው አሁን የልብስ ማጠቢያ ሆኗል። የሠርጉ ፎቶግራፍ ግን አልተመለሰም፤ አባቴ የቆመበት ቦታ ነጭ እንደሆነ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እማዬ ናት የሰቀለችው። «ይሰቀል፤ ቦታውን እኔ አውቀዋለሁ» ብላ።