ጡረታ በሚመከርበት ጉባኤ ስለ መገኘት

ቀይ አፈር ከኮንሶ ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ የሚወርደውም መንገድ የሚገነጠልባት የበና ፀማይ ወረዳ ከተማ ናት። በየሐሙሱ በሚቆመው ገበያዋ የበና፣ የፀማይ፣ የአሪና የሐመር ሰዎች ከብታቸውን፣ ማራቸውንና እህላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ለከብት አርቢው የእርጅና ስንቁ መንጋውና ልጆቹ ናቸው። ነገር ግን በዚያው ገበያ ከወር ደመወዝ በቀር ላምም እርሻም የሌላቸው፣ ገሚሶቹ የአገሩ ተወላጆች፣ ገሚሶቹም ከሩቅ ተመድበው የመጡ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞችና የጽሕፈት ቤት ሰዎች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይገበያያሉ። የእነዚህ ስንቅ ጡረታ ነው።

ቃሉ ራሱ ጦረ ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን ልብ ይሏል። አባቶቻችን ልጅ የሌለውን ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለውም» ብለው ያዝኑለት ነበር። የቀድሞው መንግሥት ያገለገለውን ሰው በማደሪያ መሬት ያኖረው ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ሲወጣ ግን ጧሪነቱ በገንዘብና በሕግ ሆነ። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፣ መንግሥትም ከመቶ 6 እያዋጡ ለእርጅናው እንዲጠራቀም ተደነገገ። እንግዲህ ጡረታ ምጽዋት አይደለም፤ ሠራተኛው በጉልበቱ ዘመን ያስቀመጠው አደራ ነው እንጂ።

ይህም አደራ ያለ ጠያቂ አልሰፋም። በ1966 ዓ.ም. ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ባደረገ ጊዜ፣ ካቀረባቸው ጥያቄዎች መካከል የጡረታ ጉዳይ ይገኝበት ነበር። በኋላም ድርጅቶች ወደ መንግሥት ሲዞሩ ሠራተኞቻቸው በጡረታው ታቀፉ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን የራሱን አዋጅ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። በውጭው ዓለምም ነገሩ ያው ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የፈረንሳይ መንግሥት የጡረታውን ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ከፍ የሚያደርግ ሕግ ሲያወጣ ሕዝቡ በየከተማው አደባባይ ወጥቶ ተቃውሞታል። እኛ ዘንድ በ1995 ዓ.ም. ከ55 ወደ 60 ከፍ ሲል ያን ያህል ድምፅ አልተሰማም።

በጉባኤ ስለ መናገር የሚያፍር ክርስቲያን ቢኖር የሐዋርያትን ሥራ ምዕራፍ 6ን ይመልከት። በየዕለቱ ከሚታደለው መብል መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉባቸው ያጉረመረሙት ሰዎች ዝም በሉ አልተባሉም። ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው መከሩ፤ ሰባቱ ዲያቆናትም የተመረጡት በዚያ ምክር ነው።

ታዲያ በጉባኤው ምን ይጠየቃል? በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ስሌት፣ ዐሥር ዓመት አገልግሎ ዕድሜው 60 የደረሰ የሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን ከመቶ 30 ያገኛል፤ ከዐሥሩ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይታከልለታል፤ ጣሪያውም ከመቶ 70 ነው። አማካይ ደመወዟ 6,000 ብር የሆነ፣ 25 ዓመት ያገለገለች መምህርት በወር 2,925 ብር ታገኛለች ማለት ነው። እርሷ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ስትዛወር የአራት ዓመት አገልግሎት ማስረጃ ቢጠፋባት አበሏ 2,625 ብር ይሆናል። ከወር ወር እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ 300 ብር የጎደለው በአንዲት የዝውውር ደብዳቤ ምክንያት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ማኅደሩን እንዴት እንደሚጠብቅ መጠየቅ ስለዚህ ነገረኛነት አይደለም።

የዕድሜውም ነገር እንዲሁ ነው። ሕጉ የሚቀበለው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ያስመዘገበውን የልደት ዘመን ነው፤ ኋላ ማረም አይቻልም። የልደት ቀን በክረምትና በድርቅ ዘመን እየተቆጠረ በሚታወስበት አገር፣ ልጃቸውን ለሥራ የሚልኩ ወላጆች ከቅጹ በፊት የክርስትናውን ዘመን ቢያሰሉ ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን የገንዘቡ ዋጋ ነው። የጡረታው ተቀማጭ ለብዙ ዓመታት ለመንግሥት የሚበደረው በግምጃ ቤት ሰነድ ሲሆን፣ ወለዱ ከገበያው ዋጋ ንረት እጅግ ያነሰ ነበር። በ100 ብር የተቀመጠው አደራ በ100 ብር ስም ይመለሳል፤ የሚገዛው ጤፍ ግን ያው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ቁጥር 1267 እና 1268 የቀደሙትን ተክተዋል። ረቂቅ ሕግ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ዘንድ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ አስተያየት መስጠት ይቻላል፤ ይሁንና ውይይቱ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በአዲስ አበባ ስለሆነ፣ የቀይ አፈር ሰው ቃሉን በመረጠው ተወካይ፣ በመምህራን ማኅበር ወይም በኢትዮጵያ አረጋውያንና ጡረተኞች ብሔራዊ ማኅበር በኩል በጽሑፍ ቢልክ ይሻላል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ በአያሌ ዞኖች ደመወዝ በመዘግየቱ ሠራተኞች በየስብሰባው አቤት ሲሉ መቆየታቸው የሚታወስ ነው። ደመወዝ ሲዘገይ መዋጮውስ በጊዜው ገባን ብሎ መጠየቅ የሠራተኛው ፈንታ ነው።

እመቤቶችም ይህ የወንዶች ወሬ ነው ብለው ቤት አይቅሩ። በዚያው በ2003ቱ አዋጅ ባል ቢሞት ለሚስት የአበሉ ከመቶ 50፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ከመቶ 20 ይከፈላል። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ቢሆን ለሚስት 1,462 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ለአንድ ልጅ 585 ብር መሆኑ ነው። ይህ የሚገኘው ግን ጋብቻው በማስረጃ ሲታወቅ ነውና፣ በተክሊል ወይም በቁርባን የተጋቡ ሁሉ የጋብቻ ወረቀታቸውን ከልጆቹ የልደት ማስረጃ ጋር በአንድ ሣጥን ያኑሩት።

አንድ ነገር እንጨምር። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በፈቃዳቸው እንዲገቡበት በር ተከፍቶ ነበር። በየገጠሩ ደብር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ካህናትና መሪጌቶች በስተርጅና ከምእመናን እጅ ሲጠብቁ የሚያይ የሰበካ ጉባኤ፣ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን አንድ ጉዳይ በአጀንዳው ላይ ቢያሰፍር ማን ይከለክለዋል?