ቪዲዮ ወደ ማቀናበሪያ ሲገባ የሚያጋጥም የድምፅ ችግር

በቪዲዮ ቅንብር ወይም ኤዲቲንግ ሥራ ላይ፣ በማጫወቻ ሲከፈት በደንብ የሚሰማ ፋይል ወደ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ሲገባ ድምፁ ሊጠፋ፣ ሊጎድል ወይም ከምስሉ ጋር ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀረጻው ተበላሽቷል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን ድምፁ በአብዛኛው ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ሶፍትዌሩ ማንበብ አልቻለም እንጂ። ስለዚህ ምክንያቱ ሳይታወቅ ዋናውን ፋይል ከስልክ ወይም ከካሜራ ካርድ ላይ ማጥፋት አይገባም። ሰርግ ዳግመኛ አይቀረጽም።

መያዣ እና ኮዴክ

በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የሚታየው ኤምፒ4፣ ኤምኦቪ ወይም ኤምኬቪ የሚነግረን ስለ መያዣው ብቻ ነው። መያዣ ምስሉን፣ ድምፁንና የጊዜ ምልክቶቹን አንድ ላይ የሚይዝ ሣጥን ማለት ነው። ድምፁ የታመቀበት ዘዴ ደግሞ ኮዴክ ይባላል። ከተለመዱት የድምፅ ኮዴኮች መካከል ኤኤሲ፣ ኤምፒ3፣ ዶልቢ ዲጂታል በመባልም የሚታወቀው ኤሲ-3 እና ኦፐስ ይገኙበታል፤ ያልታመቀው ድምፅ ፒሲኤም ይባላል። ሁለት ኤምፒ4 ፋይሎች ከውጭ አንድ ዓይነት ቢመስሉም በውስጣቸው የተለያየ ኮዴክ ሊኖር ስለሚችል፣ አንዱ ሲሰማ ሌላው ዝም ሊል ይችላል። የፋይሉን ስም ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 መቀየርም በሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ መቀየር ብቻ ነው፤ ውስጡ ያው ነው።

እንደ ቪኤልሲ ያሉ ማጫወቻዎች የብዙ ኮዴኮችን መፍቻ ይዘው ይመጣሉ። ማቀናበሪያዎች ግን የተወሰኑትን ብቻ ይደግፋሉ፤ አንዳንዶቹም በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ባለው መፍቻ ይጠቀማሉ። ከዚህ ጀርባ የፓተንትና የፈቃድ ክፍያ ጉዳይም አለ። ለምሳሌ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሊኑክስ ላይ ለዓመታት ኤኤሲን አያነብም ነበር፤ የሚከፈልበትን እትም የገዛ ሰው እንኳ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ሲያስገባ ምስሉን ብቻ ያገኝ ነበር።

ድምፁ ጨርሶ ካልተሰማ

መጀመሪያ መታየት ያለበት ታይምላይኑ ላይ የድምፅ ሞገድ መኖሩ ነው። ሞገዱ እየታየ ድምፁ ካልተሰማ ፋይሉ ተነብቧል ማለት ነው፤ ችግሩ መውጫው ላይ ነው። ትራኩ ሚዩት ተደርጎ ይሆናል፣ ወይም ሶፍትዌሩ ድምፁን ወደ ብሉቱዝ ማዳመጫ ወይም በኤችዲኤምአይ ወደተገናኘ ስክሪን እየላከው ይሆናል። ይህ ከሶፍትዌሩ የድምፅ መሣሪያ ምርጫ ላይ ይስተካከላል።

ሞገዱ ከሌለ ትንሽ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ አዶቢ ፕሪሚየር ረጅም ፋይል ሲገባለት ድምፁን ለራሱ አዘጋጅቶ እስኪጨርስ ላይሰማ ይችላል። ከዚያ በኋላም ካልመጣ የሚጠረጠረው ኮዴኩ ነው። በቪኤልሲ የኮዴክ መረጃ መስኮት ወይም ሚዲያኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የድምፁን ኮዴክ፣ የቻናሎቹን ብዛትና የናሙና መጠኑን ማየት ይቻላል።

ኮዴኩ የማይደገፍ ከሆነ መቀየር ያለበት ድምፁ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሙሉ ቪዲዮውን በመቀየሪያ ያሳልፋል፤ ይህ ጊዜ ይፈጃል፣ ምስሉም እንደገና ስለሚታመቅ ጥራቱ ይቀንሳል። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ምስሉን እንዳለ ገልብጦ ድምፁን ብቻ ወደ ፒሲኤም መለወጥ ይችላል። ፒሲኤምን በኤምፒ4 ውስጥ የማይቀበሉ ሶፍትዌሮች ስላሉ መያዣው ኤምኦቪ ቢሆን ይመረጣል። የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ በ16 ቢትና በ48,000 ናሙና 690 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ ዲስክ ለጠበበበት ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

በኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚቀርጹ ሰዎች ኤምኬቪን የሚመርጡበት በቂ ምክንያት አላቸው፦ በቀረጻ መሃል መብራት ቢጠፋ ተራ ኤምፒ4 ፋይል ላይከፈት ይችላል፣ ኤምኬቪ ግን እስከዚያ ድረስ የተቀረጸውን ይዞ ይተርፋል። ኤምኬቪን የማይቀበሉ ማቀናበሪያዎች ስላሉ ግን ቀረጻው ካለቀ በኋላ ኦቢኤስ ራሱ መያዣውን ወደ ኤምፒ4 እንዲቀይረው ማድረግ ይቻላል። ምስሉም ድምፁም አይነካም፤ ሥራው በጥቂት ጊዜ ያልቃል። በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክትም በኦፐስ የታመቀ ስለሆነ በብዙ ማቀናበሪያዎች ላይ ቀጥታ አይገባም፤ ወደ ዌቭ መቀየር ያስፈልገዋል።

ድምፁ በከፊል ከጎደለ

ሙዚቃው እየተሰማ ንግግሩ ከጠፋ ፋይሉ ባለ 5.1 ቻናል ሊሆን ይችላል። በዚህ አሠራር ንግግር በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሃለኛው ቻናል ነው፤ ማቀናበሪያው ግራና ቀኙን ብቻ ከወሰደ ተናጋሪው ይጠፋል። መፍትሔው ስድስቱን ቻናሎች ወደ ስቴሪዮ ማዋሐድ ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ማይክራፎኑ በአንድ ቻናል ብቻ ገብቷል፤ ክሊፑን ሞኖ ማድረግ ይበቃል።

አሳሳቹ ሌላው ነው። የግራና የቀኝ ሞገዶች ተገላብጠው ከተቀረጹ በማዳመጫ ይሰማሉ፤ አንድ ስፒከር ባለው ስልክ ላይ ግን ሁለቱ ተደምረው ይጣፋሉ። አዘጋጁ ሳያውቀው ሥራውን ያስረክባል፣ ተመልካቹ ግን ምንም አይሰማም። አንዱን ቻናል መገልበጥ ወይም አንዱን ብቻ መጠቀም ያድናል።

ድምፁ ከምስሉ ከተለያየ

እዚህ ላይ የክሊፑን መጀመሪያና መጨረሻ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ልዩነቱ በሁለቱም ቦታ እኩል ከሆነ ድምፁን ወደፊት ወይም ወደኋላ መሳብ ብቻ ነው። እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን መሳብ አይረዳም፤ የተሳሳተው ፍጥነቱ ነው።

ዋናው ተጠያቂ ተለዋዋጭ የፍሬም መጠን ነው። ስልኮች ብርሃን ሲያንስ በሰከንድ የሚቀርጹትን ፍሬም ይቀንሳሉ፤ ማቀናበሪያው ግን ሁሉም ሰከንድ እኩል ፍሬም አለው ብሎ ሊያሰላ ይችላል። አዳዲስ እትሞች ይህን ከቀድሞው በተሻለ ይይዙታል። ካልሆነ ሃንድብሬክን በመጠቀም ቪዲዮውን ወደ ቋሚ የፍሬም መጠን መቀየር ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ምስሉን እንደገና ማመቅ የግድ ነው። ትንሽ ስሕተት እንኳ ይጠራቀማል፦ 29.97 ፍሬም የሆነው እንደ 30 ከተቆጠረ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት 3.6 ሰከንድ ይደርሳል።

የናሙና መጠን፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ፣ ሌላው ምክንያት ነው። በ48,000 የተቀዳ ድምፅ በስሕተት እንደ 44,100 ከተነበበ አንዱ ሰዓት 65 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይሆናል፣ የተናጋሪውም ድምፅ ይወፍራል። ይህ ሲያጋጥም ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ድምፁ ሳይወፍር ወይም ሳይቀጥን በረጅም ቀረጻ ላይ ጥቂት ፍሬም ብቻ የሚሸሽ ከሆነና ድምፁ በተለየ መቅጃ የተቀዳ ከሆነ፣ የካሜራውና የመቅጃው ሰዓት በጥቂቱ ስለሚለያይ ነው። ይህን የድምፁን ፍጥነት በጣም በትንሹ በመቀየር፣ ወይም ክሊፑን በየተወሰነ ደቂቃ ቆርጦ በንግግር ዕረፍቶች ላይ በማስተካከል ማቃናት ይቻላል።